ግልጽ ደብዳቤ፦ ህጉንስ አወጣችሁት፣ ሪፖርቱን ማን ይከፍተዋል?

ለህፃናት ጉዳይ ሚኒስቴሮች፣ ለፖሊስ የሳይበር ወንጀል ክፍሎች፣ ለአቃቤ ህግ ቢሮዎች፣ ለኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም በጀት ለምታጸድቁ የምክር ቤት አባላት፣ አገራችሁ የትም ይሁን የት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን የምጽፍላቹ የህግ ሰው ሆኜ አደለም፣ ስራዬ ኮምፒውተርና ስልክ ነው፣ እና እንደምታውቁት "ስልክ ያውቃል" የተባለ ሰው ዘመድ በሉት ጎረቤት በሉት ችግር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚደውሉት እሱጋ ነው። ድሮ ፓስወርድ ጠፋብኝ፣ ቫይረስ ገባብኝ ምናምን ነበር። አሁን አሁን ግን "ልጄን አንድ ሰው እያስፈራራው ነው፣ ፎቶውን ይዞበታል፣ ምን ላድርግ" የሚል ስልክ እየመጣ ነው፣ የሚያወራው ሰው ድምጹ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ አጠገቡ እንዳለና እንደማያወራም ይገባኛል። እኔ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፣ ግን የኔ እውቀት የሚያልቅበት ቦታ አለ፣ ከዛ በኋላ ያለው የናንተ ስራ ነው። ይሄ ደብዳቤ ስለዛ ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሚገባቹን ልስጣቹ። መንግስታት ምንም አልሰሩም የሚል ሰው ይዋሻል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) በ1989 የህፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሲጸድቅ አንቀጽ 34 ላይ ህፃናትን ከወሲብ ብዝበዛ መጠበቅ የመንግስት ግዴታ ነው ተብሎ ተጽፏል፣ ያኔ ኢንተርኔት ሰው ቤት እንኳን አልገባም ነበር። በ2000 ለዚሁ ኮንቬንሽን ተጨማሪ ፕሮቶኮል መጣ፣ በ2001 የቡዳፔስቱ የሳይበር ወንጀል ኮንቬንሽን፣ በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ምክር ቤት የላንዛሮቴው ኮንቬንሽን፣ ይሄኛው ልጅን ኦንላይን እያግባቡ ለጥቃት ማመቻቸትን ራሱን ወንጀል ያደረገ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ላልሆነ አገርም ክፍት ስለሆነ ቱኒዚያ ገብታበታለች። በ2024 መጨረሻ የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ የሳይበር ወንጀል ኮንቬንሽን አጸደቀ፣ እሱም ውስጥ የህፃናት ጥቃት ምስልም ማግባባትም የየራሳቸው አንቀጽ አላቸው። እንግሊዝ በ2023 ባወጣችው ህግ ግዴታውን ያልተወጣ ኩባንያ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሊቀጣ ይችላል። አውስትራሊያ ከ2025 ዲሴምበር ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዋና ዋናዎቹ ሶሻል ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖረው ከልክላለች፣ ይሄኛው ይሰራል አይሰራም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው፣ ምክንያቱም ልጁ ተከልክሎም ቢሆን ገብቶ ሲጠቃ ምን ታረጋላቹ የሚለው ጥያቄ አሁንም እዛው ቁጭ ብሏል።

እና ወረቀቱ አለ። የኔ ጥያቄ ከወረቀቱ ቀጥሎ ስላለው ሰው ነው። ሪፖርቱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚከፍተው ሰው አላቹ ወይ? ስንት ናቸው? ኮምፒውተራቸው ይሰራል? ማታ አሉ?

ማታ አሉ ወይ ያልኩት ለነገር አደለም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማታ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ አስቡ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ስልክ ይዟል። እኩያው የምትመስል ልጅ ፎሎው ታረገዋለች፣ የጋራ ጓደኞች ያሏቸው ይመስላል ምክንያቱም አካውንቱ ቀድሞ የክፍሉን ልጆች ፎሎው አድርጎ ጨርሷል። ትንሽ ይሳሳቃሉ፣ ወደ ሌላ አፕ እንሂድ ትላለች፣ ፎቶ ትልካለች፣ ያንተስ ትላለች። ይልካል። ከዛ በደቂቃዎች ውስጥ ልጅቷ የለችም፣ አጻጻፉም ይቀየራል፣ የፎሎወሮቹ ዝርዝር ስክሪንሾት ተደርጎ ይመጣለታል፣ የእናቱ አካውንት ተከቦበታል፣ ይሄን ያህል ካልላክህ ለሁሉም እለቀዋለሁ ይለዋል፣ 10 ደቂቃ አለህ፣ 9 አለህ፣ 8 አለህ እያለ ይቆጥርበታል። ልጁ ያለውን ይልካል፣ ከእህቱ ተበድሮም ይልካል። ሲልክ ደግሞ አያቆምም፣ እንደውም የሚከፍል መሆኑን አወቀ ማለት ነው ስለዚ ይጨምራል።

ሴክስቶርሽን የሚሉት ይሄ ነው፣ እና ተረት አደለም። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ህፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ2024 ገንዘብ የሚጠየቅበት የዚ አይነት ማስፈራራት በቀን ወደ 100 የሚጠጋ ሪፖርት ይደርሰኝ ነበር ብሏል። ከ2021 ወዲህ በዚሁ ምክንያት ቢያንስ 36 ታዳጊ ወንዶች ህይወታቸውን እንዳጠፉም አውቃለሁ ብሏል። ከመጀመሪያው መልእክት እስከዛ ድረስ ቀናት አደለም የሚፈጀው፣ አንዳንዱጋ ሰዓታት ናቸው። ስለዚ ከሁለት እስከ አስር ሰዓት ክፍት የሆነ ቢሮ፣ በስራ ቀን ብቻ የሚነሳ የስልክ መስመር፣ "ማመልከቻ ጽፈህ ሰኞ ና" የሚል አሰራር ለዚ ወንጀል ምንም ማለት አደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እኔ ሲደወልልኝ የምለው ይሄን ነው፦ አትክፈሉ፣ ከከፈላችሁም ከዚህ በኋላ አቁሙ፣ ቻቱን አታጥፉት፣ የሰውዬውን ዩዘርኔም፣ የአካውንቱን ሊንክ፣ ዛቻውን፣ ገንዘብ ላኩልኝ ያለበትን አድራሻ ስክሪንሾት ያዙ፣ ከዛ አካውንቱን ሪፖርት አድርጉትና ብሎክ። ልጁን ዛሬ ማታ ብቻውን አታስተኙት። አትጩሁበት። እና አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል አገልግሎት፣ ያው ማዕከሉ የሚያስተዳድረው፣ ፎቶው ከስልኩ ሳይወጣ እዛው ስልኩ ላይ ሃሽ የሚባል የቁጥር አሻራ ይሰራለትና ቁጥሩ ብቻ ይሄዳል፣ የተመዘገቡት ኩባንያዎች በዛ ቁጥር እየፈለጉ ከገጻቸው ያወርዳሉ። ልጁ ፎቶውን ለማንም ማሳየት የለበትም፣ ስሙንም መናገር የለበትም። ይሄን የነገርኩት ልጅ ሁሉ ትከሻው ወረድ ሲል ይታያል። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከምትለጥፉት "ኢንተርኔትን በጥንቃቄ እንጠቀም" ከሚለው ፖስተር ይልቅ ይሄን አንድ መረጃ ብትለጥፉት እኮ ይሻል ነበር።

ከዛ ግን ፖሊስጋ ሂዱ እላቸዋለሁ፣ እዚ ላይ ነው እኔ የማፍረው።

አብሬ የሄድኩበት ጊዜ አለ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ ጣቢያ ላይ ክፉ ማውራት አደለም ፍላጎቴ፣ የሰማሁት ነገር ከሌሎችም ቤተሰቦች የምሰማው ስለሆነ ነው የማነሳው። ዴስኩ ላይ ያለው ሰውዬ ልጁን የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ለምን ላክህ?" ነው። ሌላ ሰው ቆሞ እየሰማ። ሁለተኛው "እስቲ ፎቶውን አሳየኝ"። አባትየው ያስፈራራው ሰው ስልክ ቁጥር የውጭ ነው ሲለው ደግሞ "እንግዲህ ውጭ ከሆነ እኛ ምን እናረጋለን፣ ስልኩን ቀይርለት" አለና ወረቀቱን ገፋው። ልጁ ከዛ ቀን ጀምሮ ስለነገሩ አያወራም፣ ለኛም አያወራም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ማንም አላሰለጠነውም በቃ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ነው ያለው፣ ስክሪንሾት የሚቀበልበት ኢሜይል እንኳን የለውም።

"ውጭ ከሆነ ምን እናረጋለን" ለሚለው መልሱ አለ። በ2022 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ በዚሁ አይነት ማስፈራራት ህይወቱን አጠፋ። ያስፈራሩት ናይጄሪያ ውስጥ ነበሩ። በ2023 ሁለት ወንድማማቾች ተላልፈው ተሰጡ፣ በ2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደባቸው። ይሄ የሆነው ሁለት መንግስታት ስልክ ስለተነሳሱ ነው፣ መረጃው ስላልጠፋ ነው፣ ቤተሰቡን "ስልኩን ቀይርለት" ብሎ ያሰናበተ ሰው ስለሌለ ነው። የቡዳፔስቱ ኮንቬንሽን እኮ ለዚ ብሎ ነው በሳምንት 7 ቀን በቀን 24 ሰዓት የሚገኝ የመገናኛ ነጥብ በየአገሩ ይኑር የሚለው። ፈርማቹ ከሆነ የናንተን ቁጥር ዴስኩ ላይ ያለው ሰውዬ ያውቀዋል? ጠይቁት እስቲ።

"ለምን ላክህ" የሚለውን ደግሞ በህግ ዝጉት። በአንዳንድ አገር ህጉ የተጻፈው ለአዋቂ ወንጀለኛ ታስቦ ስለሆነ የራሱን ፎቶ የላከ ልጅ ራሱ ምስሉን "ያዘጋጀና ያሰራጨ" ተብሎ ሊከሰስበት የሚችል ቀዳዳ አለው። የተባበሩት መንግስታት የህፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2021 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25 ላይ ልጆች በፈቃዳቸው የሰሩትንና ለራሳቸው መጠቀሚያ የያዙትን ምስል ምክንያት አድርጎ ልጆቹን መክሰስ አይገባም ብሏል። ይሄን አገራዊ ህጋቹ ውስጥ አንድ አንቀጽ አርጋቹ ጻፉት፣ በጀት አይፈልግም፣ ኮንፈረንስ አይፈልግም። አስፈራሪው የሚጠቀመው ትልቁ መሳሪያ ፎቶው እንዳይመስላቹ፣ "ብትናገር አንተ ነህ የምትታሰረው" የሚለው ቃል ነው፣ እናንተ ደግሞ ህጋቹን ባለማስተካከል እውነቱን ነው እያላቹለት ነው።

አሁን ከኩባንያዎቹ በኩል ወደሚመጣው እንሂድ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሪፖርት ሲባል ልጁ ወይ ቤተሰቡ የሚያመለክተውን ብቻ ነው የሚያስበው። የአሜሪካ ህግ ኩባንያዎች የህፃናት ጥቃት ምስል ገጻቸው ላይ ካገኙ ለዛው ብሔራዊ ማዕከል እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፣ ፈልጉ ግን አይልም፣ ካገኛቹ አሳውቁ ነው። ሳይበርቲፕላይን የሚባለው መቀበያ ከ1998 ጀምሮ አለ፣ በ2023 ብቻ 36.2 ሚሊዮን ሪፖርት ገባበት፣ በ2024 ደግሞ 20.5 ሚሊዮን። ቁጥሩ ቀነሰ ብላቹ እንዳትደሰቱ፣ አንዱ ምክንያት አንድ አይነት የሆኑ ሪፖርቶች አንድ ላይ ተጠቅልለው እንደ አንድ መቆጠር ስለጀመሩ ነው፣ ሌላው አንዳንድ መልእክት መላኪያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለተመሰጠሩ ኩባንያው ራሱ ውስጡን ስለማያይ ነው። እና ከነዚህ ሪፖርቶች አብዛኛዎቹ የሚያመለክቱት ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰውን ነው። ወደየአገሩ ይላካሉ። ወደናንተ።

ከዛስ?

በ2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይሄን መስመር ከላይ እስከ ታች አጥንተው የጻፉትን አንብቤዋለሁ፣ ስለ አሜሪካ ነው ግን ሌላውም አገር ራሱን ያገኝበታል። መርማሪዎቹ በሪፖርት ብዛት ተጥለቅልቀዋል፣ ሁለት ሪፖርት አጠገባቸው ተቀምጦ የቱ አሁን ክፍል ውስጥ እየተጎዳ ያለ ልጅ እንደሆነ የቱ ደግሞ ሰው ለቀልድ ያጋራው ሚም እንደሆነ ከላዩ መለየት አይችሉም። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ እኔን እንደ ባለሙያ አሳመመኝ፦ ኩባንያው ሪፖርቱን ሲሞላ "ፋይሉን ሰው አይቶታል ወይ" የሚል ሳጥን አለ፣ ያቺ ሳጥን ባዶ ከቀረች በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ምክንያት ማዕከሉም ፖሊሱም ብዙ ጊዜ ፋይሉን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ አይከፍቱትም። አንድ ሳጥን ነች። እሷ ስላልተሞላች ማዘዣ ሲጻፍ ሲፈረም ስንት ቀን ይሄዳል።

ቀን ደግሞ በዚህ ስራ ውስጥ ዋና ነገር ነው፣ ይሄን ትንሽ ላብራራው። ሪፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ፍንጭ አይፒ አድራሻ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ግንኙነት የሚለይበት ቁጥር ማለት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ የውጭ አይፒ ነው የሚጋራው፣ ስለዚ ፖርት የሚባለው ቁጥርና ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ድረስ ካልተመዘገበ ቴሌኮሙ "ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱ ነው" ከማለት በላይ ምንም ሊላቹ አይችልም። ኩባንያው ፖርቱን ካልላከ ወይ ቴሌኮሙ መዝገቡን ቀድሞ ካጠፋው ሪፖርቱ አለ ሰውዬው የለም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ሪፖርት ያደረጉትን መረጃ ይዘው የሚቆዩት 90 ቀን ብቻ ነበር፣ በ2024 በወጣ ህግ ነው 1 ዓመት የሆነው። ጥሩ፣ ግን የናንተ ዴስክ ሪፖርቱን ለመክፈት 14 ወር ከፈጀበት 1 ዓመቱ ምን ሊረባ ነው። ደግሞ እንዳትሳሳቱ፣ የዜጋን ሁሉ ትራፊክ ለዘላለም አከማቹ እያልኩ አደለም፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ሪፖርት የመጣበትን አድራሻ ቶሎ ይያዝ በሉ፣ ትእዛዙ በሰዓታት ውስጥ ይውጣ፣ ዳኛ ማታም ይገኝ ነው የምላቹ።

ስለ ምስጠራው ከተነሳ አይቀር፣ እኔ ከናንተ ከአንዳንዶቻቹጋ አልስማማም። በየጊዜው አንድ ሚኒስትር ይነሳና "ኢንክሪፕሽኑን ክፈቱልን፣ ለልጆች ስንል" ይላል። አፕል በ2021 ፎቶ ወደ ክላውድ ከመውጣቱ በፊት ስልኩ ላይ እፈትሻለሁ ብሎ ነበር፣ የደህንነት ባለሙያዎች ሲጮሁበት በ2022 መጨረሻ ተወው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2022 ያቀረበው ረቂቅም በዚሁ ጉዳይ ዓመታት ሲጨቃጨቁበት ነው የኖረው። እዛው ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ የዘገበውን ታስታውሱ ይሆናል፣ አንድ አባት የታመመ ልጁን ብልት ፎቶ ለሀኪም ለመላክ ብሎ አንስቶ የጎግል ሲስተም የህፃናት ጥቃት ምስል ነው ብሎ ያዘው፣ ጉዳዩ ፖሊስጋ ደረሰ፣ ፖሊስ አጣርቶ ነጻ ብሎት እንኳን አካውንቱ አልተመለሰለትም። ስለዚ ማሽን ሁሉንም ይፈትሽ ማለት ቀላል መልስ አደለም። እና ዋናው ነገር፣ አግባቢው ልጁን የሚያገኘው ምስጢር ቻት ውስጥ አደለም፣ ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ ኮመንት ስር፣ ጌም ውስጥ፣ "ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች" በሚለው ዝርዝር ውስጥ። የማያውቀው አዋቂ ለልጅ አካውንት መልእክት መላክ እንዳይችል፣ የልጅ የፎሎወር ዝርዝር ለማንም እንዳይታይ፣ ገና ከመጀመሪያው ሴቲንጉ እንደዛ ተዘግቶ እንዲመጣ ማስገደድ የማንንም ቻት ሳታነቡ የሚሰራ ነገር ነው። ያ 15 ዓመቱ ልጅጋ የመጣው ስክሪንሾት እኮ የፎሎወር ዝርዝሩ ነበር። ዝርዝሩ ባይታይ ምን ይዞ ያስፈራራው ነበር?

ከማሽን ጋር በተያያዘ የሚሰራውንም ልንገራቹ። ማይክሮሶፍት በ2009 ከዳርትማውዝ ኮሌጁ ፕሮፌሰር ሃኒ ፋሪድ ጋር የሰራው ፎቶዲኤንኤ ከዚህ በፊት የታወቀን ምስል መጠኑ ቢቀየር እንኳን ይለየዋል፣ ለዓመታት ብዙ ስራ ሰርቷል። የማይለየው አዲስ ምስልን ነው፣ ከመዝገቡ ውስጥ የለማ። አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) መጣ፣ ሁሉም ምስል አዲስ ሆነ። ሳይበርቲፕላይን ላይ የገቡት ከኤአይ ጋር የተያያዙ ሪፖርቶች በ2023 ወደ 4,700 ነበሩ በ2024 ወደ 67,000 ገቡ። መርማሪው አንድ ምስል ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይቺ ልጅ አለች ወይ" ነው፣ የሌለች ልጅ ሲፈልግ ያለችው እየቆየች ነው። የክፍል ጓደኛዋን ፎቶ አፕ ውስጥ ከቶ ልብስ የሚያስወልቅ ተማሪም አለ፣ ለዛች ልጅ ምስሉ የውሸት መሆኑ ምንም አይቀንስላትም። አሜሪካ በ2025 ያወጣችው ህግ በኤአይ የተሰራውንም ጨምሮ ያለፈቃድ የተለጠፈ የእርቃን ምስል ጥያቄ በቀረበ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ያስገድዳል። ኮርጁት፣ መኮረጅ ነውር አደለም። አፑን ራሱን የሚሸጠውንም ያዙት።

ገንዘቡን የምትቆጣጠሩት ደግሞ ይሄ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። አንዳንዱ ጥቃት በቀጥታ ቪዲዮ ነው የሚካሄደው፣ ከፋዩ አንድ አገር ልጁ ሌላ አገር፣ ካሜራውን የያዘው ብዙ ጊዜ የልጁ የራሱ ዘመድ ነው። ፊሊፒንስ በዚህ ክፉኛ ተጎድታ በ2022 ለብቻው ህግ አውጥታለች። ቪዲዮው ካለቀ ምንም አይቀርም፣ የሚቀረው የተላከችው ትንሽ ገንዘብ ነች። አውስትራሊያ ውስጥ ዌስትፓክ ባንክ በ2020 1.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተቀጣው በገንዘብ ዝውውር ህግ ጥሰት ነው፣ ከጥሰቶቹ ውስጥ እንዲህ አይነት የህፃናት ብዝበዛ የሚመስሉ ትናንሽ ዝውውሮችን በደንብ አለመከታተሉ ይገኝበታል። ባንክ ከዛ በኋላ ዓይኑን ይከፍታል። የናንተ የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶችና ሐዋላ ቤቶች እንዲህ አይነቱን አላላክ ሲያዩ ለማን ነው የሚናገሩት?

ፍርዱንም ላንሳ። "ዌልካም ቱ ቪዲዮ" የሚባለው፣ የህፃናት ጥቃት ቪዲዮ ይሸጥበት የነበረ የዳርክ ዌብ (በተለመደው መንገድ የማይከፈት ድብቅ ኢንተርኔት) ገጽ፣ ቢትኮይን በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ዱካ ተይዞ በ2019 ይፋ ሲደረግ በ38 አገራት 337 ሰዎች እንደተያዙና ቢያንስ 23 ልጆች እንደዳኑ ተነገረ። ግሩም የሆነ የፖሊስ ስራ ነው። ገጹን ያስተዳድር የነበረው ደቡብ ኮሪያዊ ግን አገሩ ላይ የተፈረደበት 1 ዓመት ከ6 ወር ነው፣ ከሱ ገጽ ያወረዱ ሰዎች ሌላ አገር ከሱ በላይ ተፈርዶባቸዋል፣ አሜሪካ ስጡኝ ስትልም በ2020 የኮሪያ ፍርድ ቤት አልሰጥም አለ። ህዝቡ ተቆጣ፣ ልክ ነበር። መርማሪው ያን ሁሉ ለፍቶ ዳኛው ጋ ሲደርስ ነገሩ "ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ማንንም አልነካም" ተብሎ ከቀለለ ለምን ለፋ? ዳኞቻቹንም አሰልጥኑ። እያንዳንዱ ቪዲዮ ውስጥ ልጅ አለ።

ልጁን የማግኘት ስራውን ደግሞ የሚያክል የለም፣ እውነቴን ነው፣ ስለሱ ሳነብ ነው መንግስት ቢፈልግ ይችላል ብዬ የማምነው። ኢንተርፖል ከ2009 ጀምሮ የየአገሩ መርማሪዎች ምስሎችን የሚያነጻጽሩበት ዳታቤዝ አለው፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ልጁን አደለም የሚያዩት፣ ከጀርባው ያለውን ነው፣ የግድግዳውን ሶኬት፣ መጋረጃውን፣ ከመስኮት ውጭ የሚሰማውን ድምጽ። ዩሮፖል ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ከምስሎቹ ላይ እቃውን ብቻ ቆርጦ ለህዝብ ይለጥፋል፣ አንድ የፕላስቲክ ቦርሳ፣ አንድ የአልጋ ልብስ፣ "ይሄን የት ነው ያያችሁት" ብሎ ይጠይቃል። ቦርሳውን የሚያውቅ ሰው አገሩን ይናገራል፣ ከአገሩ ከተማው ይመጣል። ይሄን ስራ የሚሰሩት ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ነገር እናንተም እኔም አንድ ሰዓት የማንችለው ነው። የስነ ልቦና ድጋፍ፣ የፈረቃ እረፍት፣ ሲበቃቸው ወደ ሌላ ክፍል የሚዛወሩበት መንገድ፣ እነዚህ ቅንጦት ተደርገው ነው በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሰረዙት። አንዱ ሰልጥኖ በዓመቱ ሲለቅ እንደገና ከዜሮ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃቹ ይሄን ነው። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ አዲስ ስትራቴጂ፣ አዲስ ግብረ ኃይል፣ አዲስ ሎጎ ከመቅረቡ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይቅረብ። ባለፈው ዓመት ከኩባንያዎችም ከቤተሰብም ስንት ሪፖርት ደረሰን፣ ስንቱን ከፈትን፣ ከደረሰበት እስከተከፈተበት በአማካይ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ልጅ አገኘን፣ ስንት መርማሪ አለን፣ ከነሱ ስንቱ ማታ ተረኛ ነው። ቁጥሮቹን ለህዝብ አውጡት፣ የማንም ልጅ ስም የለበትም፣ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉ፣ እኛ እንችላለን። ዴስኩ ላይ ላለው ሰውዬ ደግሞ ይሄን ወር ሳያልቅ ሦስት ነገር ስጡት፦ ስክሪንሾት የሚቀበልበት አድራሻ፣ የ24 ሰዓቱን የመገናኛ ነጥብ ስልክ ቁጥር፣ እና ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የተጻፈበት አንድ ወረቀት፣ "ለምን ላክህ" የሚለው የሌለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ስልክ ያውቃል ተብሎ የሚደወልለት ሰው